የሾፌሯ የጭን አጥንት

ሰኞ

እትዬ ፍሬን ስትረግጥ ጭኗን እንደሚያማት ዛሬ አመነች። ያመነችውም ለእኔ ሳይሆን ለእማዬ ነው። እማዬ ደግሞ ደውላ "እህትህ ታነክሳለች፣ አንተ ሆስፒታል ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?" አለችኝ። ሐኪም እንዳልሆንኩ ለእማዬ ማስረዳት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ነገ ይዣት እሄዳለሁ። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ስትነዳ የምትውል ሰው ጭኗን ቢያማት ምን ይደንቃል?

ማክሰኞ

ራጅ ተነሳች። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ኋላ ቦታ አለ!" እያለች ስታስቅ ዋለች። ሃያ ዓመት በመስታወት ወደ ተሳፋሪው እያየች የጮኸችውን ሆስፒታል ድረስ ይዛው መጣች። ነርሷ ሳትቀር ጠጋ አለችላት።

ራጁን ያየው ሐኪም አልሳቀም። ሲቲ ስካን ይጨመር አለ።

ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

ቀኝ ጭኗ አጥንት ላይ፣ ከመሃል ከፍ ብሎ፣ ነገር አለ። ናሙና ወስደዋል። ደረቷን በራጅ አይተው ንጹህ ነው ብለዋል። ጥሩ ነው። ሌላ የምጽፈው የለም።

እሑድ

ሥራዬ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ እደናገራለሁ። ዛሬ እትዬም ጠየቀችኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ሳትጠይቅ ኖራ።

የጤነኛ ሰዎችን የጭን አጥንት ስካን ሰብስበን ኮምፒውተሩን እናስተምረዋለን፣ የተማረውን ሞዴል እንለዋለን አልኳት። ከዚያ ሁሉ አጥንት አንድ አማካይ አጥንት ይሠራል። የሰው አጥንት ከሰው አጥንት በምን በምን እንደሚለያይም ይማራል፤ አንዱ ረዘም ይላል፣ አንዱ ይጎብጣል፣ የአንዱ አንገቱ ቀጠን ይላል። የበሽተኛ አጥንት ተሰብሮ ወይም ተበልቶ ሲመጣ፣ ከተረፈው ተነስቶ የጎደለው ምን ይመስል እንደነበር ይገምታል። ግምቱ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ግምት ያወጣና የትኛውን ምን ያህል እንደሚያምን ይናገራል።

"ስለዚህ ጠንቋይ ነህ" አለችና ጨረሰችው።

"እትዬ፣ ጠንቋይ እርግጠኛ ነው። እኛ ምን ያህል እንደማናውቅ ነው የምንናገረው።"

"ለዚህ ነው ደሞዝ የሚከፍሉህ? ስለማታውቅ?"

ሳቀች። ስትስቅ ሳል ጣልቃ ገባባት። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ቤቱ እርጥበት ይዟል።

"የእኔም አጥንት እኮ እናንተ ጋ ሥራ ይዟል" አለች። እውነቷን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አውቶቡሷ የቆመ መኪና ሲገጭ ዳሌና ጭኗን በስካን አይተው ምንም አልሆነችም ብለው ነበር። ስካኑን ለስብስባችን እንድትሰጠን ስለምናት ፈርማ "አጥንቴ ሥራ ይያዝ፣ ከእኔ የተሻለ ደሞዝ ካገኘ ንገሩኝ" ብላ ክፍሉን በሙሉ አስቃለች። እስካሁን የቢሮው ቀልድ ነው።

ረቡዕ

ውጤቱ መጣ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም።

ቀዶ ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጠው ነገሩን። ይህ ዓይነቱ ለመድኃኒት አይበገርም፤ መቁረጥ ብቻ ነው። ጥያቄው የት ላይ ነው የሚለው ነው። የአጥንቱ አንገት፣ ማለትም ዳሌው ውስጥ ከሚገጥመው ጭንቅላት ሥር ያለው ቀጭን ቦታ፣ ንጹህ ከሆነ የታመመውን ብቻ አውጥተው ብረት ያስገባሉ፤ እግሯ ይተርፋል። አንገቱ ውስጥ ከገባ ግን እግሩ ከዳሌ ጀምሮ ይወጣል።

"ይወጣል ሲሉ?" አለች እትዬ።

"ይቆረጣል፣ እህቴ።"

የኤምአርአይ ማሽኑ ቢሠራ ኖሮ አንገቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳየን ነበር። ግን ከተበላሸ ወር አልፎታል፤ መለዋወጫው በመንገድ ላይ ነው ይላሉ። ሲቲ ስካኑ ደግሞ አንገቱ ላይ ደብዘዝ ያለ ነገር እንጂ ቁርጥ ያለ ነገር አያሳይም። ቀዶ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረው "የእናንተ ሞዴል ምን ይል ይሆን?" አሉኝ።

ሐሙስ

አለቃችን የቤተሰብ ሥራ ሌላ ሰው ይሥራው አለ። ማን? ከእኔ ሌላ ይህን ሞዴል አንጀቱን የሚያውቀው ማን አለ? ተከራከርኩ። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም። በመጨረሻ ወይዘሪት ምናልባት ሥራዬን እንድታይ ብሎ ፈቀደ።

ወይዘሪት ምናልባት ከጎኔ ያለችው የሒሳብ ባለሙያ ናት። ሰማዩ ጠቁሮ እየዘነበ "እየዘነበ ነው?" ብትላት "ምናልባት" ትልሃለች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ እሷም ለምዳዋለች።

ሰኞ

ንጹህ ነው!

ሞዴሉ የታመመውን ቦታ ትቶ ከቀረው አጥንቷ ተነሳ፤ ግምቱን ከአሁኑ ስካን ጋር አስተያየ። ጤነኛ ይመስለኛል የሚለውን በሰማያዊ፣ ታሟል የሚለውን በቀይ፣ የማያውቀውን በቢጫ ይቀባል። አንገቱ ሰማያዊ፣ እስከ ላይ ድረስ። ቢጫው ክር ነው የሚያክለው። ሌላ ጊዜ ቢጫው እንዴት እንደሚንዘላዘል የማውቀው እኔ ነኝ። እንዲህ እርግጠኛ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ወይዘሪት ምናልባት ወንበሯን ጎትታ መጥታ ረጅም ጊዜ አየችው።

"ቆንጆ ነው" አለች።

"ግን?"

"ግን እንዲህ ሲያምር ደስ አይለኝም።"

"አንቺ ሠርግ ላይም እንዲህ ነው የምትዪው" አልኳት። አልሳቀችም። ይህች ልጅ ደስታ አይስማማትም።

ሰኞ፣ ማታ

ነገርኳት። ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጥ ነበር። "እግርሽ ይተርፋል" ስላት ቢላውን አስቀመጠችና በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። እትዬን ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። አባባ ሲሞትም እኔን አቅፋ "ማሙሽ፣ አይዞህ" ስትል ነበር እንጂ አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ ነው መንጃ ፈቃድ አውጥታ የነዳችው፤ የትምህርት ቤቴን የከፈለው ያ የቀኝ እግር ነው።

እማዬ ከጓዳ ወጥታ ምንድነው ስትል "ምንም፣ ሽንኩርት ነው" አልናት። ሽንኩርት አልነበረም።

ማክሰኞ

እትዬ ለሾፌሮች ማኅበር ደውላ መስመሯን ለሌላ ሰው እንዳይሰጡባት አስጠንቅቃለች። "ብረት እግር ፍሬን ይበልጥ ይይዛል" አለቻቸው አሉ።

ዓርብ፣ በችኮላ

ደረጃ ላይ ቀዶ ሐኪሙ ለሠልጣኙ "ሞዴሉን ተማምኜ ነው እንጂ ዓይኔስ ያን አንገት አልወደደውም" ሲሉ ሰማሁ። እንዳላዩኝ አለፍኩ። ዓይን! ዓይን ስንቴ ተሳስቷል? ለዚህ አይደል እንዴ ሞዴል የሚሠራው?

ቅዳሜ

ሳሉ አልተዋትም። ጉንፋን ነው። ደረጃ ስትወጣ ቆም ትላለች፣ ግን በዚያ እግር ማን አይቆምም?

ሰኞ

ወይዘሪት ምናልባት "ስብስቡን ከፍቼ ልየው?" አለችኝ። አይቼዋለሁ አልኳት። አይቼዋለሁ፤ አምና። ስብስቡ እንደሆነ አልተለወጠም፣ ምን ልታይበት ነው?

የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆርጧል፤ የመጪው ሳምንት ማክሰኞ።

ረቡዕ

ዛሬም መጣች። ሥራ አለብኝ አልኳት። ምሳ ልብላ ብዬ ወጣሁ፤ ምሳ አልበላሁም፤ ግቢውን ዞሬ ተመለስኩ። ለምን እንደምሸሻት እኔም አልገባኝም።

ሐሙስ

ገባኝ።

ሁሉም ከወጣ በኋላ በሩን ዘግታ ቆመች። ድምጿ ቀስ ያለ ነበር።

"'አጥንቴ ሥራ ይያዝ' ያለችው እህትህ አይደለችም?"

ናት አልኳት።

"እና ስካኗ ስብስቡ ውስጥ ነው። ሞዴሉ የተማረው በእሷ ላይ ነው። መልሰህ ስለ እሷ ጠየቅኸው።" ከዚያ፣ "እየገመተ አይደለም እኮ። እያስታወሳት ነው።"

ለተማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚነገር ነገር ነው። አስቀድመህ መልሱን የሰጠኸውን ልጅ በዚያው ፈተና አትፈትን። እኔ ራሴ ስንቱን ገስጬበታለሁ! ስካኗ እዚያ መሆኑንም አውቅ ነበር፣ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌዋለሁ። ሞዴሉ ደብዛዛው ቦታ ላይ ሲደርስ የዛሬ ሁለት ዓመቷን እትዬን አስታወሰና "እዚህማ ጤነኛ ናት" አለ። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ስለነበር አጨበጨብኩለት።

ወይዘሪት ምናልባት ከጎኔ ተቀመጠች። ስካኑ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሯን ግን ሳልፈልግ አገኘሁት። ኮምፒውተሩ "ከስብስቡ ይውጣ?" ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውን ደግሜ አነበብኩት። "ልጫነው?" አለችኝ። አይ፣ እኔ ነኝ የምጫነው አልኩ። ተጫንኩት።

እንደገና ሲሠራ ጨርሶ ሌላ ነበር። ሰማያዊው ወደ ላይ ሸሸ። ቢጫው ተንዘላዘለ። በቢጫው መሃል፣ አንገቱ ላይ፣ ቀይ ወጣ። ታሟል የሚለው ከአሥር ሰባት እጅ ነው።

"ምናልባት..." ብላ ጀመረችና ተወችው።

ዓርብ

አልተናገርኩም። ቀዶ ሐኪሙ ሌላ ከተማ ናቸው፣ ነገ ይመለሳሉ። ስልክ አላቸው፤ አዎ፣ አውቃለሁ።

ቅዳሜ

አልተናገርኩም። እትዬ ፀጉሯን ተሠርታ ጠበቀችኝ። "ከሆስፒታል ስወጣ ቆንጆ ሆኜ ልውጣ" አለች። እማዬ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዙራዋለች፤ እያገገመች መንገዱን እንድታይ ነው። አውቶቡሶቹ የሚያልፉት በዚያ ነው።

ሰው እንዴት እንዲህ ፈሪ ይሆናል?

እሑድ

ወይዘሪት ምናልባት ደወለች። "ነገ እስከ ስድስት ሰዓት አንተ ንገራቸው። ከስድስት በኋላ እኔ እነግራቸዋለሁ። የምለው ለአንተ ብዬ ነው።" ምናልባት አላለችም።

ሰኞ

ነገርኳቸው። ሞዴሉ ተሳስቷል ልል ነበር፣ ተውኩት። "ተሳስቻለሁ፣ ስካኗን ከስብስቡ ሳላወጣ ነው የሠራሁት" አልኩ። ቀዶ ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደድኩ። የነገውን ቀዶ ጥገና ሰርዘው ከአንገቱ ናሙና ይወሰድ አሉ።

ሐሙስ

ነበረ። አንገቱ ውስጥ ነበረ።

ሐሙስ፣ ማታ

እኔ ነኝ የምነግራት ብዬ ከሐኪሙ ቀድሜ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የግራ እግሯን ታወዛውዝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስብስቡን፣ ማስታወሱን፣ አንገቱን። ሳታቋርጠኝ ሰማች። እትዬ ሰው ሳታቋርጥ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

"ካወቅህ ስንት ቀን ሆነህ?"

"ለሐኪሙ እስክናገር ሦስት ቀን ይዤዋለሁ። ከዚያ ናሙናውን ስጠብቅ ነው።"

"ፀጉሬን ስሠራ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

እንደምትሰድበኝ እየጠበቅሁ ነበር። "አንተ ልጅ፣ ሐኪሙን ነው ወይስ እኔን ነው የሚቆርጡት? ለእኔ ነው መጀመሪያ መንገር የነበረብህ" አለች። ከዚያ ድምጿ ወረደ። "ግን ጥሩ ቀኖች ነበሩ። እውነቴን ነው። ተኝቼ ነበር እኮ፣ ደህና አድርጌ።"

አለቀስኩ። እሷ ናት ያባበለችኝ፣ እንደገና።

"ማሙሽ፣ አጥንቴ ነው የዋሸው ማለት ነው?"

"አልዋሸም እትዬ። ያኔ ጤነኛ ነበርሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"እና አወጣኸኝ? ከሰዎቹ መሃል?"

"አወጣሁሽ።"

"ያለ ትኬት እንደ ተሳፈረ ሰው!" አለች፤ ፈገግም አለች። "ሥራችሁ ሲያልቅ መልሰህ አሳፍረኝ። ሰምተሃል? ከፍዬበታለሁ።"

ረቡዕ

ተቆረጠ። ከዳሌ። ሰባት ሰዓት ፈጀ። እማዬ መተላለፊያው ላይ መሬቱን እያየች ተቀመጠች፤ "ስትወለድ መጀመሪያ የወጣው ያ እግር ነበር፣ ተገልብጣ ነው የመጣችው" ስትል ሰማኋት። ለማን እንደምትናገር አላውቅም።

እሑድ

የሌለው እግሯ ያሳክካታል። "ከወሰዳችሁት አይቀር ሙሉ በሙሉ ውሰዱት" ትላለች። ስትናገር ትንፋሽ ያጥራታል። ደክማ ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም ያለፈችው።

ማክሰኞ

ለሳሉ ብለው የደረት ሲቲ ስካን አነሷት። ምስሉ እኛ ኮምፒውተር ላይ መጥቷል። የመክፈት ፈቃድ አለኝ። አልከፈትኩትም። ወይዘሪት ምናልባት ከፈተችው። ዞሬ ፊቷን አየሁት። ተነስታ መጥታ ትከሻዬ ላይ እጇን አደረገች። ምናልባት ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም።

ረቡዕ

ካንሰር ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት። ሳንባዋን ሞልቶታል።

ሳልናገር ስለያዝኳቸው ሦስት ቀናት ቀዶ ሐኪሙን ጠየቅኋቸው። "ምንም አላመጣም፤ ደረቷን በራጅ ስናይም ሳንባዋ ውስጥ ነበረ፣ ትንሽ ስለሆነ አልታየንም" አሉ። ሠልጣኙን ጠየቅሁት፣ እሱም እንዲሁ አለ። ወይዘሪት ምናልባትን ጠየቅኋት። "ሦስቱ ቀን ምንም አላመጣም። ግን አንተ ይህን ስትጠይቅ ልትኖር ነው" አለችኝ። ከሁሉም እሷን አመንኳት።

ቅዳሜ

ቤት ናት። መስኮቱ ሥር። ዝናቡ ቆሟል፣ ፀሐዩ አልጋዋ ድረስ ይገባል። የቀድሞ መስመሯ አውቶቡሶች በቤቱ ሥር ሲያልፉ አንዳንዴ ጡሩምባ ይነፋሉ። በድምፁ የትኛው አውቶቡስ እንደሆነ ታውቀዋለች። "ይሄ ፍሬኑን አላሠራውም፣ ስሙት" ትላለች። ከዚያ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ዛሬ እማዬ ስታጥባት ሳታስበው የሌለውን እግር ልትይዝ እጇን ዘረጋች። እጇ አንሶላው ላይ ቀረ። ሦስታችንም አየነው።

ሐሙስ

ቃል የምትናገረው ጥቂት ነው። ጎንበስ ስልላት "ቦታ አለ?" አለችኝ። ትራሱን መሰለኝና አስተካከልኩላት። ራሷን ነቀነቀች፤ እሱን ማለቷ አልነበረም።

ዓርብ

ጠዋት። እማዬ እጇን ይዛ። እኔ ውሃ ላመጣ ወጥቼ ነበር።

ውሃውን ምን እንዳደረግኩት አላስታውስም።

ሰኞ

ከቀብሩ በኋላ ዛሬ ሥራ ገባሁ። አለቃችን ሌላ ሳምንት ውሰድ አለኝ፣ ቤት ምን ልሠራ? ጠረጴዛዬን አጽድተውልኛል። ኤምአርአዩ ተጠግኗል። እንደ ማንኛውም ቀን ሰው ወረፋ ይዞበታል።

ረቡዕ

ሞተር ብስክሌት የጣላት ልጅ መጣች። የጭን አጥንቷ አንገቱ ሥር ደቋል። ብረቱ በምን ቅርጽ ይታጠፍ ብለው ጠየቁን።

ከመጀመሬ በፊት ወይዘሪት ምናልባትን ጠራኋት። "እህቴን መልሼ ላስገባት ነው" አልኳት። የሁለት ዓመቱን ስካን ነው፣ ጤነኛዋን። ሥራው ለእሷ ሳይሆን ለሌላ ሰው ስለሆነ አሁን ጥፋት የለውም። ወይዘሪት ምናልባት ግን ሁሉን ነገር ትመረምራለች፤ ፈቃዱን አየች፣ ቁጥሩን አየች፣ ምስሉን ከላይ እስከ ታች አየች። "አንድ ሰው ብትጨምር አማካዩ ብዙም አይቀየርም" አለች። "ልዩነቱ በዓይን አይታይም።"

"አውቃለሁ።"

"ግን ይኖራል" አለችና ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ተቀመጠች።

ተጫንኩት። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ አጥንቶቹን ሁሉ እንደገና ጎን ለጎን ያሰልፋል፣ አዲሱ እስኪገጥም ሌሎቹን ያንቀሳቅሳል። ስክሪኑ ላይ ያን ሁሉ ስም የሌለው አጥንት አየሁት፤ ረጅሙም፣ ጎባጣውም፣ አንገተ ቀጭኑም። ትንሽ ትንሽ ተንቀሳቀሱ፣ ከፀጉር ያነሰ። ሁሉም ጠጋ አሉላት።